ክላስ 37 ሞዴል፦ መቀየሪያ ላይ ይቆማል፣ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል

የአንጎለላው (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለቤቱ። የእንግሊዙ ክላስ 37 ዲዝል ሎኮሞቲቭ ሞዴል እጄ ገብቷል። ስኬሉ ኦኦ ነው፣ 1 ለ76.2። ሰማያዊ ቀለም፣ ሙሉ ቢጫ ግንባር፣ አፍንጫው ላይ ግራና ቀኝ የተከፈለ የቁጥር ሳጥን፣ ጎኑ ላይ 37119 የሚል ቁጥር አለው። ሞተሩ መሐል ላይ ሆኖ በካርዳን (በሚሽከረከር ዘንግ) ለሁለቱም ቦጂ (ከሥሩ ሦስት ሦስት አክስል የያዘው ተዟሪ ክፈፍ) ኃይል ይሰጣል፤ ስድስቱም አክስል ይነዳል። ባለ21 ፒን ሶኬቱ ላይ ድምፅ ያለው ዲኮደር (ትእዛዝ ተቀባይ ቺፕ) ተገጥሞለት በዲሲሲ፣ ማለትም በሐዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ ነው የሚሠራው።

ሐዲዱ የተዘረጋው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ላይ ነው። ሞላላ ዙር ነው፣ ኩርባው 438 ሚ.ሜ. ሬዲየስ። ሁለት መቀየሪያ (ባቡሩ መስመር የሚለውጥበት ሐዲድ) አለው፣ የሁለቱም ፍሮግ፣ ማለትም ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ቦታ፣ ፕላስቲክ ነው።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው፣ በዝግታ ሲሄድ መቀየሪያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ድምፁም ጠፍቶ እንደገና ከማስነሻው ይጀምራል። ፈጠን ካለ ያልፈዋል። ሐዲዱን በአልኮል ብጠርግም ለውጥ የለም።

ሁለተኛው፣ ከሁለቱ ኩርባዎች በአንዱ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ የፊተኛው ቦጂ ይወጣል። የጀመረው ከሞዴሉ ጋር በከረጢት የመጡት ቱቦዎችና የበረዶ ማረሻው በፊት በኩል ከተገጠሙ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የዚያው ከረጢት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ግድም አራት ማርክ 1 የመንገደኛ ፉርጎ እየጎተተ እንዲታይ ነው የምፈልገው። ለዚያ ዘመን የትኛው ቱቦ ይገጠማል፣ የትኛው ይቀራል? እዚህ ሱቅ የሚገኘው ሱፐር ግሉና ነጭ ኮላ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ?


ሮቢት ሐዲድ (ሸዋ ሮቢት)፦

የመጀመሪያውን እኔ ልያዝ። ሐዲዱን መጥረጉን ለጊዜው ተወው፤ ምልክቱ የቆሻሻ አይደለም።

ነገሩን በሒሳብ እየው። የክላስ 37 ቦጂ ከፊተኛው አክስል እስከ ኋለኛው 13 ጫማ ተኩል ነው፤ በኦኦ 54 ሚ.ሜ. ይሆናል። ሎኮሞቲቩ በሙሉ 61 ጫማ ተኩል፣ ማለትም 246 ሚ.ሜ. ነው። የፕላስቲክ ፍሮግ መብራት የማያደርስበት ቦታ ከቦጂው ርዝመት ያነሰ ነው። አሥራ ሁለቱም ጎማ መብራት የሚሰበስቡ ቢሆን ኖሮ አንድ ወይም ሁለት ጎማ ፕላስቲኩ ላይ ሲወጣ የቀሩት ይዘውት ያልፉ ነበር። እዚያ ላይ ከቆመ የሚሰበስበው አንድ ቦጂ ብቻ ነው፣ ወይም የአንዱ ቦጂ አንድ ጎን ሞቷል። ፈጠን ሲል የሚያልፈው የበረራ ጎማው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ፍጥነት ስለሚገፋው ነው፤ ዲኮደሩ ግን ለቅጽበትም ቢሆን መብራት ሲያጣ ይጠፋል፣ ድምፁ ከመጀመሪያው የሚነሳው ለዚህ ነው።

ምንም ሳትፈታ የምታውቅበት መንገድ አለ። ተራ የቢሮ ወረቀት 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርገህ ቁረጥ። ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ የኋለኛው ቦጂ ስድስት ጎማዎች ሥር አስገባው፣ የፊተኛው ሐዲዱን እንደነካ ይቆይ። በዝግታ አስነሳው። ከተንቀሳቀሰ የፊተኛው ጤነኛ ነው። ዝም ካለ የፊተኛው አይሰበስብም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊተኛው ቦጂ አዛውርና ድገመው። ያጠፋው ቦጂ ከታወቀ በኋላ ወረቀቱን አጥብበህ በጤነኛው ቦጂ የግራ ጎማዎች ሥር ብቻ፣ ቀጥሎ የቀኞቹ ሥር ብቻ እያደረግህ ሞክር። የትኛው ጎን እንደሞተ ትለያለህ።

ሁለተኛው ደረጃ ቴስተር ነው። ሎኮሞቲቩን ገልብጠህ ስፖንጅ ላይ አስተኛው። ሲገለበጥ ግራና ቀኝ ስለሚምታታ አስቀድመህ አንዱን ጎን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርግበት። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ላይ አድርገህ አንዱን የቴስተር ጫፍ የፊተኛው ቦጂ ቀኝ ጎማ ላይ፣ ሌላውን የኋለኛው ቦጂ ቀኝ ጎማ ላይ አሳርፍ። መጮህ አለበት፤ ከሁለት ኦም ማለፍ የለበትም። አንድ ጎማ ብቻ ዝም ካለ የዚያ ጎማ የመብራት ምላስ ታጥፏል ወይም ዘይት ገብቶበታል። የአንዱ ጎን ሦስቱም ጎማዎች አብረው ዝም ካሉ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ከቦርዱ ተነቅሏል። ቀኝና ግራ ጎማ እርስ በርሱ ከጮኸ ግን ውስጡ ሾርት አለ፤ ሐዲድ ላይ መልሰህ አታስቀምጠው።

ምላሱ ቀጭን የፎስፈር ብሮንዝ ስትሪፕ ነው፤ የጎማውን ጀርባ ይነካል። በወረንጦ ጫፍ ትንሽ ወደ ጎማው አቅና። ጎማው ወደ ጎን ሲንሸራተት እየተከተለው ሳይለቀው መንካት አለበት፣ ይኸው ነው ልኩ። አብዝተህ ከገፋኸው ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ የተያዘ ጎማ ደግሞ ሳይዞር ይንሸራተትና ኩርባ ላይ ሐዲዱ ላይ ይወጣል።

አንዳንዶች በዚህ ጊዜ መብራት የሚያቆይ ካፓሲተር ግዛ ይሉሃል። ካፓሲተር ጥሩ ነው፣ ግን ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ። አሁን ብትገጥመው የሞተውን ቦጂ ይሸፍንልሃል፤ ቀሪው ቦጂ ብቻውን ሲለፋ ይኖራል።


ጣርማበር (ደብረ ሲና)፦

ኩርባውን ላንሣ። 438 ሚ.ሜ. በተለምዶ ሁለተኛ ሬዲየስ የሚባለው ነው፤ ባለ ስድስት አክስል ዲዝል የሚሠሩ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ወሰን ብለው የሚጽፉትም እሱን ነው። ይህ ወሰን ግን ግንባሩ ባዶ ለሆነ ሎኮሞቲቭ ነው። ማረሻና ቱቦ ሲገጠም ነገሩ ይለወጣል፤ ቦጂውና ማያያዣው የሚወዛወዙበትን ቦታ ይይዙባቸዋል።

ገልብጠህ የፊተኛውን ቦጂ በጣትህ ግራና ቀኝ አዙር። በ438 ኩርባ ላይ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ መዞር አለበት። መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ማረሻውን ወይም አንዱን ቱቦ ቢነካ ምክንያቱን አገኘኸው። ለዓይን የማይታይ ንክኪ ከሆነ ማረሻው ጀርባ ላይ እርሳስ ቀብተህ ኩርባውን አስዙረው፤ የነካው ቦታ ላይ እርሳሱ ይፋቃል።

ነገር ግን "ሁልጊዜ እዚያው ቦታ" ያልከው ሁለተኛ ምክንያት እንዳለ ይናገራል። ማረሻው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ኩርባ ይወጣ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሐዲዱም የሆነ ነገር አለበት። መጀመሪያ መጋጠሚያውን በጥፍርህ ዳስሰው፦ ጥፍርህ ከተያዘ አንዱ ሐዲድ ከፍ ብሏል፣ ወይም ሐዲዱ ከመጋጠሚያው ብረት በላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ ዓይንህን ከሐዲዱ እኩል ዝቅ አድርገህ ኩርባውን በርዝመቱ ተመልከት፤ መጋጠሚያው ላይ ክርን የሠራ ከሆነ ይታይሃል። በመጨረሻ ትንሽ ውሃ ልክ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አግድም አስቀምጠህ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ሂድበት። ሦስት አክስል ያለው ቦጂ ግትር ነው፤ ባለ ሁለት አክስሉ ፉርጎ ችሎ የሚያልፈውን ጥምዝ እሱ አይችልም፣ አንድ ማዕዘኑ ይንጠለጠላል። የጎማው ከንፈር ጥልቀት ከ1 ሚ.ሜ. በታች ስለሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥምዝ እንኳ ብዙ ነው።

የጥምዝ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ያለው እንጨት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በክረምት የተቆረጠ እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ለማቀፊያ ከተሠራበት በበጋው ደረቅ ነፋስ ይጠማዘዛል፤ ኮምፔርሳቶውንም ይዞት ይሄዳል። ማቀፊያው በደንብ የደረቀ እንጨት ይሁን፣ አግዳሚዎቹ በየ40 ሴንቲ ሜትር ይግቡ፣ ኮምፔርሳቶው ከ9 ሚ.ሜ. አይነስ፤ 12 ከተገኘ እሱ ይሻላል። ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ፀሐይ በሆነበት አገር ሐዲዱም ራሱ ይሳባል፦ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የኒኬል ሲልቨር ሐዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት 0.8 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት የምትዘረጋው ከሆነ መጋጠሚያዎቹ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተውላቸው። አጥብቀህ ከገጠምከው ቀን ሲሞቅ ወደ ጎን ይጎብጣል።

ጎማዎቹንም ለካቸው። የሁለቱ ጎማ ጀርባ ለጀርባ ርቀት 14.4 እስከ 14.5 ሚ.ሜ. ነው መሆን ያለበት። ከጠበበ የጎማው ጀርባ መቀየሪያው ውስጥ ያለውን መሪ ሐዲድ ይነካና ይዘላል፤ ከሰፋ ከንፈሩ የፍሮጉን ጫፍ ይመታል። በካሊፐር ለካ፤ ካልተስተካከለ ጎማውን በጣት እያዞርክ ቀስ ብለህ ሳበው ወይም ግፋው፣ ጥርሱ መሐል ላይ እንደቀረ እያየህ።

አሁን ስለ ሬዲየሱ እውነቱን ልንገርህ፦ ያን ያህል ኮምፔርሳቶ እያለህ 438 ለዚህ ሎኮሞቲቭ ይጠበዋል። 505 ብታደርገው ዙሩ 101 ሴንቲ ሜትር ይወስድና በሁለቱም በኩል ከሐዲዱ መሐል እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይተርፍሃል። 572ም ይገባል፣ ግን 38 ሚ.ሜ. ብቻ ነው የሚተርፈው። የሎኮሞቲቩ ወርድ ግማሹ ወደ 18 ሚ.ሜ. ነው፤ ኩርባ ላይ አፍንጫው ደግሞ 8 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ከወጣ ወለል ላይ ነው የሚወድቀው፤ 572 ካልክ ጠርዙ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መከለያ ምታበት። ወደፊት ሁለተኛ መስመር ጎን ለጎን የምትጨምር ከሆነ ኩርባው ላይ ከመሐል እስከ መሐል 67 ሚ.ሜ. ይሁን። በ50 ሚ.ሜ. የሚዘረጋው አሠራር ቀጥታና ሰፊ ኩርባ ላይ ያምራል፤ በጠባብ ኩርባ ግን የአንዱ አፍንጫና የሌላው ሆድ ይጋጫሉ።

አራት ፉርጎ ብለሃል። አንድ ማርክ 1 ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሎኮሞቲቩ ጋር 1 ሜትር ከ32 ይሆናል። ኩርባውን 505 ስታደርገው ቀጥታው 244 ሲቀነስ 101፣ ከዚያ ላይ የጠርዝ ቦታ ሲነሳ ከ1 ሜትር ከ20 ብዙም አያልፍ። ጣቢያው ትንሽ ወደ ኩርባው ይገባል ማለት ነው፤ ወይም ፉርጎውን ሦስት አድርገው። እኔ ሦስት ነው የምለው።


ሞላሌ (መንዝ)፦

ወንድሜ፣ ቁጥርህ ደስ የሚል ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ክላስ 37 በኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 የተሠራ ነው፤ በድምሩ 309። ቁጥራቸው መጀመሪያ ከዲ6700 እስከ ዲ6999፣ ቀጥሎ ከዲ6600 እስከ ዲ6608 ነበር። ሞተሩ ባለ12 ሲሊንደር፣ 1,750 የፈረስ ጉልበት። የቁጥር ሳጥኑ ግራና ቀኝ የተከፈለውና መሐሉ ላይ በር ያለው እስከ ዲ6818 ያሉት ናቸው፤ ከዲ6819 ጀምሮ ሳጥኑ አንድ ሆኖ መሐል ላይ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 ኮምፒውተር የሚያነበው አዲስ ቁጥር ሲሰጣቸው ዲ6701 ወደ 37001፣ ዲ6702 ወደ 37002 እያለ ሄደ። የመጀመሪያው ዲ6700 ግን 37000 አልተባለም፤ ለእሱ 37119 ተሰጠው። ያንተ ሞዴል የክላሱ በኩር ነው ማለት ነው። በኋላ 37350 ተብሎ ቁጥሩ እንደገና ተቀይሯል፤ ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ንብረት ነው። ስለዚህ የተከፈለው ሳጥን ከ37119 ጋር ልክ ነው። የሌላ ሞዴል ቁጥር ቀይረህ 37200 ብትለጥፍበት ግን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያይብሃል።

የሳጥኑን ውስጥ ግን ተመልከት። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ እንደ 1ኤ32 ያለ ከሆነ ለ1978 ስህተት ነው። ያ የባቡሩን ዓይነትና መድረሻ የሚናገር አሠራር እ.ኤ.አ. በጥር 1976 ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ለጊዜው አራት ዜሮ ሆነው ቀሩ፤ በተከፈለ ሳጥን ላይ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዜሮ። ቀስ በቀስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ክብ መብራት ተተካ። ለ1978 ዜሮዎቹን ብታደርግ አትሳሳትም። ሥራውም ቀላል ነው፦ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ዜሮ በደንብ በሚያትም ማተሚያ አሳትመህ በመላጭ ቁረጥ፣ የተቆረጠውን የወረቀት ጠርዝ በጥቁር እስክሪብቶ አጥቁር፤ ካላጠቆርከው ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ከመስታወቱ ጀርባ በነጭ ኮላ ለጥፍ። በኋላ ማንሳት ብትፈልግ በውሃ ይለቃል።

ወደ ቱቦዎቹ ስንመጣ፣ ከረጢቱ ውስጥ የሁሉም ዘመን ዕቃ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ሁሉንም መግጠም ግዴታ አይደለም። ቀይ ጫፍ ያለው ቀጭን ቱቦ የአየር ፍሬን ነው፤ ቢጫ ጫፍ ያለው የዋናው የአየር ማጠራቀሚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚገጠሙት ሎኮሞቲቩ የአየርና የቫኪዩም ፍሬን በአንድ ላይ ሲኖረው ነው። ክላሱ ሲሠራ ቫኪዩም ብቻ ነበር ለባቡሩ ፍሬን የሚሰጠው፤ ስለዚህ አረንጓዴ ቀለም ባለው የ1961 ሞዴል ላይ ቀይና ቢጫ ቱቦ ማድረግ ስህተት ነው። ወፍራሙ፣ ሽክሽክ ያለው የቫኪዩም ቱቦ ነው። ወደ ታች የተንጠለጠለው ወፍራም ደግሞ ፉርጎ የሚያሞቀው የእንፋሎት ቱቦ ነው፤ ማርክ 1 ለሚጎትት ሎኮሞቲቭ ቦይለሩ የሚሠራ ከሆነ ያስፈልጋል። የትኛው በስተቀኝ የትኛው በስተግራ እንደሆነ ከከረጢቱ ጋር የመጣው ሥዕል ይነግርሃል። ከዚያ በላይ ለማረጋገጥ የዚያኑ ቁጥር፣ የዚያኑ ዓመት ፎቶ ፈልግ። በአንድ ክላስ ውስጥ እንኳ ሎኮሞቲቮቹ ጥገና በገቡ ቁጥር ይለያዩ ነበር።

የበረዶ ማረሻውን ተወው። ማረሻ ያለው የ37 ፎቶ ብዙ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይገጥመዋል፤ ይህ ግን በተለይ በስኮትላንድ ደጋ የሠሩት መልክ ነው። የዚህን ቁጥር ፎቶ ከማረሻ ጋር እስካላገኘህ ድረስ ከረጢቱ ውስጥ ይቆይ። ጣርማበር ካለው ጋርም ይገጥማል፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር ይወገዳል።

አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። አንዱን ጫፍ ሙሉ አልብሰው፦ ቱቦዎቹ፣ የሰንሰለት ማያያዣው፣ ሁሉም። ሌላውን ጫፍ ፉርጎ የሚጎትትበት ስለሆነ ማያያዣውን ብቻ ተውለትና ለማያያዣው መወዛወዝ የማያስቸግሩትን ቱቦዎች ብቻ ጨምር። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀለም ስለሚኖር 0.5 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ በጣት እያዞርክ አጽዳቸው፤ በሞተር መሰርሰሪያ እንዳትሞክር፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ቱቦውን ያለ ኮላ አስገብተህ እየው። ሳይገባ ቢቀር እግሩን በመላጭ ፋቅ አድርገው እንጂ አትግፋው፤ እነዚህ ቱቦዎች ሲገፉ አንገታቸው ላይ ነው የሚሰበሩት።

ኮላው ላይ ጥንቃቄ። ሱፐር ግሉ ለቱቦ ይሆናል፣ ነገር ግን ከጠርሙሱ አፍ በቀጥታ አይደለም፦ ጠብታ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አፍስስና በመርፌ ጫፍ እየነካህ ቀዳዳው አፍ ላይ አድርግ። ሲደርቅ የሚወጣው ጭስ መስታወት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ስለዚህ የሾፌሩ መስኮት አጠገብ ሱፐር ግሉ አይድረስ፤ መስታወት ሁሉ በነጭ ኮላ ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በበጋው ደረቅ ብርድ እንደ ወትሮው ፈጥኖ ካልያዘ ጠብታ አትጨምርበት፣ ትንፋሽህን ኡህ በልበትና ጠብቅ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም ቤንዚን ገላው ላይ እንዳይነካ፤ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም ይበላዋል።

እና ፉርጎዎቹን ስትመርጥ ሰማያዊና ግራጫ የሆኑትን ያዝ። ቀይ ዳማ የሆኑት ማርክ 1ዎች ከ1978 በፊት ቀለማቸው ተቀይሮ አልቋል።


ቀይት (ደብረ ብርሃን)፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ አያያዝ ብቻ ልጨምር፣ በዚህ አገር ሁኔታ።

ሎኮሞቲቩን ገልብጠህ ስትሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ወይም በርኖስ ላይ አታስተኛው። የሱፍ ክር ከአክስሉ ጋር ይጠቀለልና ጥርሱ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ አይታይም፣ ሲዞር ቅባቱን ይዞ ይጠብቃል። ክር ከገባ በወረንጦ ጎትት እንጂ ሞተሩን እያስነሳህ ለማስወጣት አትሞክር። ስፖንጅ ወይም የታጠፈ የጥጥ ፎጣ ይሻላል።

ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ሐዲዱ ላይ ቀጭን የሙጫ ንብር ይቀመጣል። ይህ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፤ አልኮል የነካ ጨርቅ በጣት ጠቅልለህ በሐዲዱ ራስ ላይ ጎትት፣ ጨርቁ ጥቁር እስኪያቆም ድረስ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻው ይበልጥ ይቀመጣል። ጎማውን ለማጽዳት እርጥብ ጨርቁን ሐዲዱ ላይ አንጥፈህ አንዱን ቦጂ ጨርቁ ላይ፣ ሌላውን ሐዲዱ ላይ አድርግና በእጅህ ይዘኸው አስነሳው። ጎማው ጨርቁ ላይ እየዞረ ራሱን ይጠርጋል። ሁለቱም ቦጂ መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ነው እንግዲህ ይህ የሚሠራልህ።

አዲስ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ያለ ፉርጎ በመካከለኛ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ አስኪደው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቅባቱ ይጠጥራልና ክፍሉ ሳይሞቅ አትጀምር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ከሶኬቱ ንቀለው፤ ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልቴጅ ነው ዲኮደር የሚያቃጥለው።


የአንጎለላው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውጤቱን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ከኋለኛው ቦጂ ሥር ሲሆን ሎኮሞቲቩ ዝም ይላል፤ ከፊተኛው ሥር ሲሆን ይሄዳል። በቴስተር የፊተኛው ቦጂ ቀኝ ሦስቱም ጎማ ዝም ብለዋል፣ ግራው ይጮኻል።

ጋሽ ጣርማበር፣ ማረሻው ተነሥቷል፤ በእርሳሱ ጀርባው ላይ ንክኪ ታይቶ ነበር። ያለ ማረሻውም እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል እንጂ አይወጣም፤ አንዱ ሐዲድ ከመጋጠሚያው ብረት በላይ ተቀምጦ ነበር። እህቴ ሞላሌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንዳልሽው ፊደል የተቀላቀለበት ነው፤ ዜሮ ይሆናል።

አሁን ሽቦውን ለማግኘት ገላው እንዴት ይነሣል? ደግሞ የዲሲሲ አድራሻው ገና 3 ነው፣ 37119ን ማስገባት ስፈልግ አልቀበልም ይላል።


ሮቢት ሐዲድ፦

ሦስቱም አንድ ላይ ስለሞቱ ሽቦው ነው። ዋስትናው ካላለቀ ሳትበይድ ለሻጩ ፎቶና የቴስተሩን ውጤት ላክለት። አልቋል ወይም መመለሱ አያዋጣም ካልክ እንዲህ አድርግ።

መጀመሪያ ከሥሩ ብሎን እንዳለ መመሪያው ላይ እይ። ብሎን የሌለው ከሆነ ገላው በፕላስቲክ ጥርስ ነው የተያዘው። ያለቀ የሞባይል ካርድ አራት ፈልግና በገላውና በሻሲው መሐል በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት አስገባ፤ ጥርሶቹን ይከፍቱልሃል። በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ የገላው ጠርዝ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሣው፣ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ፦ ለመብራትና ለድምፅ ማጉያ የሚሄዱ ሽቦዎች ከጣሪያው ጋር ሊያያዙ ይችላሉ። ካሉ ሶኬታቸውን በወረንጦ ያዝ እንጂ በሽቦው አትጎትት።

ከፊተኛው ቦጂ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ ለቀኝና ለግራ። የቀኙን ከቦርዱ ጀምረህ እስከ ቦጂው ተከተለው። የሚበጠሰው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፦ ቦርዱ ላይ የተበየደበት ነጥብ፣ ወይም ከታች የመብራት ምላሱን የያዘው ስትሪፕ ላይ የተበየደበት፣ ቦጂው በዞረ ቁጥር ስለሚታጠፍ። ሽቦው የተያያዘ መስሎ ልባሱ ውስጥ የተበጠሰም ይሆናል፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመን፣ ከቦርዱ እስከ ስትሪፑ በቴስተር ለካው።

መበየጃው ቀጭን ጫፍ ያለው 30 ዋት ይበቃል። አዲሱ ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውና ለስላሳ ይሁን፤ የቤት መስመር ነጠላ ሽቦ ቦጂውን ይገትረዋል፣ ያ ደግሞ ወደ ኩርባው ችግር ይመልስሃል። የሽቦውን ጫፍ ለብቻው ሊድ አልብሰው፣ ነጥቡንም ለብቻው፣ ከዚያ አገናኝተህ ከሁለት ሰከንድ ሳታልፍ ንካና አንሣ። ስትሪፑ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ከቆየህበት ይቀልጥና ምላሱ ቦታውን ይለቃል። ቦጂው በሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ሲዞር ሽቦው እንዳይሳብ ትርፍ ተውለት፣ ትርፉ ግን ወደሚሽከረከረው ካርዳን እንዳይወድቅ ወደ ጎን አስይዘው። ገላውን ከመመለስህ በፊት የወረቀቱን ሙከራ ድገም።

አድራሻውን በተመለከተ፣ ዲሲሲ አምስት አሃዝ የሆነውን 37119 አይቀበልም። የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ውሰድ፦ 7119። መቆጣጠሪያህ በቀጥታ ረጅም አድራሻ የሚቀበል ከሆነ ይህን ብቻ ጻፍለት፤ የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። ካልሆነ በእጅ ሲቪ (ዲኮደሩ ውስጥ ያለ ባለ ቁጥር ማስተካከያ) 17 ላይ 219፣ ሲቪ 18 ላይ 207 ጻፍ። አሰላሉ 7119ን ለ256 ስታካፍል 27 ደርሶ 207 ይቀራል፤ 27ቱ ላይ 192 ስትደምር 219 ይሆናል። ከዚያ ሲቪ 29ን 34 አድርገው። 34 ማለት 32 ለረጅም አድራሻ፣ 2 ለ28 እና ለ128 የፍጥነት ደረጃ ነው። 4 የሚጨመርበት በተራ ዲሲ ትራንስፎርመርም እንዲሄድ ሲፈለግ ነው፤ አንተ በዲሲሲ ብቻ ስለምትነዳ ተወው። 4ቱ ሲጨመር ዲኮደሩ መብራት ተቆራርጦ ሲመጣበት ዲሲ መስሎት በሙሉ ፍጥነት ሊሸሽ ይችላል፣ በተለይ እንዳንተ ባለ ያልተስተካከለ ቦጂ።

ፕሮግራም የምታደርገው ሽቦውን ከጠገንክ በኋላ ይሁን። ሲቪ በሚጻፍበት ቅጽበት ጎማው መብራት ከለቀቀ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ይቀራል፣ ሎኮሞቲቩም በአዲሱም በአሮጌውም አድራሻ አይመልስም። እንደዚያ ከሆነ ሲቪ 8 ላይ 8 ጻፍ፤ ብዙዎቹ ዲኮደሮች በዚህ ወደ ፋብሪካው አድራሻ 3 ይመለሳሉ፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለህ።